ምዕራፍና ቁጥር

ሰኞ

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መኪናዬን ራሴ እነዳለሁ። ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ። ሽሮ እሠራለሁ፣ ሳላሳርር። መነጽሬን ካደረግሁ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ደረጃ ስወጣ መደገፊያውን የምይዘው ሰው ሲያየኝ ብቻ ነው፣ እንዳይጮኹብኝ ብዬ። በየማለዳው በስልክ ጸሎታችን ላይ የዕለቱን ምንባብ የማነበው እኔ ነኝ። በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነውና እንደ ልጆቹ አልፈጥንም። ግን ማታውኑ ደጋግሜ ተለማምጄው ነው የማድረው፤ ስደናቀፍ የሰማኝ ሰው የለም።

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ሊዲያ ናት። ስኳሬን እየለካሁ እንድጽፍበት። ዛሬ አልለካሁም። የምጽፈው ሌላ ነገር ነው። ተናድጃለሁ።

ሊዲያ ትናንት ማታ ስልክ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እናቷ ብርቄ ከሞተች ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐበሻ ሱቅ ገብታ እኅት ጥሩወርቅን ታገኛታለች። ጥሩወርቅ የስልክ ጸሎታችን አባል ናት፤ ካለነው ሁሉ የሚጎላው የሷ ድምፅ ነው። አቅፋ ሳመቻትና እዚያው ሰው መካከል እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ፣ "እሰይ የኔ ልጅ! ስንት ወር ሆነሽ?" አለቻት።

ምንም ወር የለም። ሊዲያ ትንሽ ወፍራለች፣ ያ ነው።

"አባዬ፣ ለስንት ሰው ነው የነገርከው?" አለችኝ በስልክ።

"ለማንም አልነገርኩም። ለጸሎት ወገኖች ብቻ ነው።"

"ስንት ናቸው?"

"በስልክ ያለውን ሰው ማን ይቆጥረዋል?"

"ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ።" ዘጋች።

ተናግሬያለሁ፣ አልክድም። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ማለዳ ሁሉም ምስክርነት ሲሰጥ እኔም፣ "እግዚአብሔር ነግሮኛል፣ በዚህ ዓመት ልጄ ሊዲያ ልጅ ትታቀፋለች" አልኩ። እልልታው ጆሮ ይበጥስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ በስሟ እንጸልይላታለን። ምኑ ነው ነውሩ? ሌላው የልጁን ፎቶ ለዓለም ይበትናል። እኔ ለእግዚአብሔር ሰዎች ነገርኩ። ጸሎት ያሳፍራል እንዴ?

ይቺው ልጅ ናት ደግሞ ከጥር ጀምሮ፣ "ዱሉዝ መጥተህ ከእኛ ጋር ኑር፣ ክፍል አዘጋጅተንልሃል" እያለች የምትጨቀጭቀኝ። ስማይርና ከተማ ያለችው አፓርታማዬ ምን ሆነች? እግዚአብሔር ይበቃኛል አልኳት። የማንንም ክፍል አልፈልግም።

ማክሰኞ

ስኳር፦ ለካሁ፣ ከፍ ብሏል። ከንዴት ነው።

ማለዳ ጸሎት ገባሁ። የስልክ ጸሎት ማለት ጎሕ ሳይቀድ ሁላችንም አንድ ቁጥር ደውለን የምንገናኝበት ነው። አንዱ ከቤቱ፣ አንዱ ከመንገድ፣ አንዷ ከሥራ መልስ። መሪያችን ወንድም መስፍን ኮንየርስ ካሉት መጋዘኖች አንዱ ደጃፍ ትራኩን ፓርክ አድርጎ፣ ጭነቱን እስኪያራግፉለት እሱ ያስጸልያል። እኔ አነባለሁ። ከዚያ ሁሉም ስታር ሲክስ፣ ኮከቧንና ስድስትን፣ ተጭኖ ድምፁን ይዘጋል። መልሶ ከተጫነው ይከፈታል።

መዝጋት የሚረሳ አይጠፋም። ዛሬም አንዷ ቤት ሽንኩርት ይቁላላ ነበር። "ተነስ አንተ፣ ባሱ ጥሎህ ሊሄድ ነው!" ስትል ሁላችንም ሰማን።

"የሽንኩርቷ እኅታችን፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ሚዩት አድርጊ" አለ መስፍን።

እኔ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ማሽኗ "ሚዩትድ" ስትል በጆሮዬ ካልሰማሁ ስልኩን አላስቀምጥም።

ዛሬ ዓርብ አይደለም፣ ጥሩወርቅ ግን የሊዲያን ነገር አነሳችው። "ማሕፀኗን የዘጋኸው አንተ፣ አንተው ክፈተው!" እያለች ጮኸች። እኔ ከሁሉ በላይ አሜን አልኩ። እልህም ነበረበት።

ሊዲያ ጋ ደወልኩ። ቮይስሜይል። ደግሜ ደወልኩ። ቮይስሜይል። የዚያች ማሽን ድምፅ እንዴት እንደሚያናድድ! መልእክት ተውኩላት፦ "አብርሃም ስንት ዓመት ጠበቀ? አንቺ ምን ሆነሻል? እምነት አጥተሻል።" ስዘጋው ትንሽ ቆጨኝ። ትንሽ።

እኔ እኮ በቃሉ ላይ ቀልድ አላውቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ነቢይ ነኝ ባይ ከሌላ ስቴት መጥቶ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ለአንዱ ወንድም፣ "ሚስትህ በሦስት ወር ቪዛ ታገኛለች፣ ይላል እግዚአብሔር" አለው። ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ "የት ተጽፏል? ምዕራፍና ቁጥር!" አልኩት። ፓስተሩ ደነገጠ። እግዚአብሔር ያላዘዘውን በስሙ የሚናገር ነቢይ ሞት እንደሚገባው ሙሴ በግልጽ ጽፎታል አልኩ። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ጋሽ ምዕራፍና ቁጥር ይሉኛል። ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም።

መኪናዬ በጽድ ዛፍ አበባ ብናኝ ቢጫ ሆናለች። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከተማው ሁሉ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠረግኋት። ከሰዓት በኋላ ያው ሆነች።

ረቡዕ

ስኳር፦ አልለካሁም፣ አልለካምም።

ምን ጉድ ነው የደረሰብኝ!

ምንባቤን ጨረስኩ። ሳልደናቀፍ። ስታር ሲክስ ተጫንኩ። እንደተጫንኩ በሩ ተደወለ። በደወሉ ጫጫታ ማሽኗ ያለችውን አልሰማኋትም። ለጥንቃቄ ብዬ ደግሜ ተጫንኩ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በሩን ከፈትኩ።

ሊዲያ ናት። የቢሮ ልብሷን ለብሳለች። ሳትቀመጥ ጀመረች።

"መልእክትህን ሰማሁት። እምነት አጥተሻል? ሲሪየስሊ?"

"ቁጭ በይ መጀመሪያ።"

"አልቀመጥም። አባዬ፣ ሰባት ዓመት። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጅ ፍለጋ መርፌ ስወጋ አንተ የት ነበርክ? አልነገርኩህም፣ ኦኬ፣ የኔ ጥፋት። ሁለት ጊዜ ጽንስ ይዞልኝ ሁለቱንም አጣሁ። እማዬ ታውቅ ነበር። ለሁለተኛው እኔ ስንት ለቅሶ እንዳለቀስኩ እሷ ታውቃለች።"

ብርቄ ታውቅ ነበር! ለኔ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

"የገና በዓል ሳይደርስ እኔና ዳንኤል ቁጭ ብለን በቃን አልን" አለች፣ እሷና ባሏ ማለቷ ነው። "አልቅሰን፣ ጸልየን፣ ተቀበልን። ላይክ፣ በስንት ጊዜዬ ሰላም አግኝቼ ተኛሁ። ከዚያ አንተ በስልክ ለዓለም ሁሉ ትወልዳለች ትላለህ።"

"በቃን ማለት ተስፋ መቁረጥ ነው። በእግዚአብሔር የታመነ ሰው በቃኝ አይልም" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"እኔ በእግዚአብሔር አምናለሁ። የምትለው ግን የት ተጽፏል?"

"አብርሃም መቶ ዓመቱ..."

"እኔ አብርሃም አይደለሁም! ሊዲያ የሚል አሳየኝ። ሊዲያ ዘለቀ ልጅ ትወልዳለች የሚል። ምዕራፍና ቁጥር፣ አባዬ።"

ያኔ ነው ከጠረጴዛው ላይ ድምፅ የመጣው። ቀስ ያለ፣ የፈራ የመስፍን ድምፅ።

"ጋሽ ዘለቀ... ይቅርታ፣ ጋሼ... ስልክዎ ክፍት ነው።"

ከኋላው የአንዷ ሲቃ ይሰማል። ጥሩወርቅ መሰለችኝ።

ሊዲያ ስልኩን አየችው። እኔን አየችኝ። ቁልፏን ይዛ ወጣች። በመስኮት ሳይ ቢጫ ብናኝ በለበሰው መኪናዋ ተደግፋ ቆማ ነበር። ልትገባ ስትዞር ጥቁር ኮቷ ጀርባ ላይ ቢጫው ታትሟል። እንዲያ ሆና ቢሮ ልትገባ ነው ብዬ መስኮቱን ስታገል ሄደች። ይህ መስኮት ደግሞ ከገባሁ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።

ሐሙስ

ጸሎት አልገባሁም። በሕይወት እያለሁ ስቀር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

መስፍን ደወለ። "ጋሼ፣ ምንባቡን ማን ያንብብ?"

"አንተ አታነብም? ዓይን የለህም?"

"አለኝ ጋሼ፣ ግን ሰዉ እርስዎን..."

"እንግዲያው አንብብ!" ዘጋሁበት።

ጥሩወርቅ ደወለች። ይቅርታ ልትለኝ መስሎኝ አነሳሁ። አንዲት ሴት ናሽቪል ውስጥ የተጸለየበት ዘይት ትልካለች አለችኝ። ሊዲያ በሆዷ ላይ ብትቀባው፣ አለች። ዘጋሁባት። ከዚያ ስልኩን ራሱን ማቀዝቀዣው ላይ ወርውሬ እዚያው ተውኩት።

መጽሐፍ ቅዱሴን አወጣሁ። እሺ፣ ምዕራፍና ቁጥር ከፈለገች አገኝላታለሁ ብዬ። እልኸኛ ነኝ። የሣራን አነበብኩ። የሐናን አነበብኩ። የኤልሳቤጥን አነበብኩ። እያንዳንዷ ስሟ ተጠርቶ፣ ቃሉ ለሷ ተነግሮ ነው። ለሷ። በኋላ ስሟን ለልጃችን ያወጣነውን የመጽሐፍ ቅዱሷን ሊዲያ ፈለግሁ። የሐዋርያት ሥራ አሥራ ስድስት ላይ ናት። በጣቴ ቀስ ብዬ ሄድኩባት። ሐር ነጋዴ ናት። ጌታ ልቧን ከፈተላት። ከዚያ እነ ጳውሎስን ቤቴ ካልገባችሁ ብላ ግድ አለቻቸው። አለቀ። ባል ይኑራት ልጅ ይኑራት አንድም ቃል የለም። ገጹን ገልብጬ ደግሜ አየሁ፣ ያለፈኝ መስመር ያለ እንደሆነ። የለም። የጻፈውም ምንም የጎደላት አላስመሰለም።

ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ። እግዚአብሔር ነግሮኛል ያልኩት መቼ ነው የነገረኝ? አስታውሳለሁ፤ የዓመት መለወጫው ዋዜማ ማታ ሰሃን ሳጥብ ነው። ስለ ሊዲያ አስብ ነበር። ደረቴ ሞቅ አለኝ። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ሰው መጥቶ ደረቴ ሞቀኝና እግዚአብሔር ተናገረኝ ቢለኝ፣ "ሰውዬ፣ ውሃው ሙቅ ስለሆነ ነው" ብዬ አባርረው ነበር።

ያን ነቢይ በሰው ፊት ያዋረድኩበትን የሙሴን ቃል ፈልጌ አገኘሁት። ጮክ ብዬ ነው ያን ቀን የጠቀስኩት። ዛሬ በዝምታም ማንበብ አቃተኝ።

በእግዚአብሔርም ተናድጃለሁ፣ ልጻፈው። ያን ሁሉ ዓርብ በስምህ ስቀባጥር ዝም ብለህ ሰማኸኝ። ባርያህን በለዓምን በአህያ አፍ አስቆምከው። ለኔ አንዲት አህያ ጠፋች?

ዓርብ

ስኳር፦ ለካሁ። ደህና ነው፣ ይገርማል።

ዓርብ የሊዲያ ቀን ነው። ዛሬ ከቀረሁ እነሱ በስሟ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ደወልኩ።

"ጋሽ ዘለቀ! ጌታ ይመስገን፣ መጡ!" አለ መስፍን። ብዙ ሰው አሜን አለ። ዛሬ ብዙ ነበሩ፤ ወሬ ያመጣቸው ናቸው ብዬ ገመትኩ። ይሁን።

ከምንባቡ በፊት የምናገረው አለኝ አልኩ። ጽፌ ይዤ ነበር፤ ፊደሉ ጠፋኝ። ወረቀቱን ተውኩት።

"በዓመቱ መግቢያ እግዚአብሔር ነግሮኛል ብያችሁ ነበር። አልነገረኝም። ስለ ልጄ ያልኩት የትም አልተጻፈም፣ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የልጄን ስም በዚህ ስልክ ላይ የሚጠራ ሰው አልወድም። መጸለይ የሚፈልግ ደጁን ዘግቶ ይጸልይ፤ እሱ ተጽፏል።"

ጥሩወርቅ ቀደመች።

"ጋሼ፣ ኧረ በጌታ! እምነትዎን ሰይጣን እየሰረቀዎት ነው። ይገሥጹት!"

"ሰይጣንን ለቀቅ አድርጊው ጥሩወርቅ። ይህኛውን እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ታዲያ እግዚአብሔር አይችልም ማለትዎ ነው?"

"ይችላል! ማን አይችልም አለሽ? ይችላል፣ እታመነዋለሁም። ያላለውን ግን አለ አልልም። ልጄ ብትወልድም ባትወልድም እሱ እሱ ነው። ይህን እኔ ላስተምራት ሲገባኝ እሷ ቀድማኛለች።"

የመጨረሻውን ለማለት አላሰብኩም ነበር። ሾልኮ ነው የወጣው።

መስፍን ጣልቃ ገባ። "እንግዲህ... ምንባቡን ያንብቡልን፣ ጋሼ።"

የዕለቱ ምንባብ ሌላ ነበር። እኔ መዝሙር ሰማንያ ስምንትን አነበብኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሮሮ ነው፤ መጨረሻው ላይ እንኳ አይነጋም፣ በጨለማ ያበቃል። ብርቄ፣ "ይህን ለሰው አታንብብ፣ ቀናቸውን ታበላሻለህ" ትለኝ ነበር። ግን እሱም ተጽፏል። አልተለማመድኩትም፤ ሁለት ቦታ ተደናቀፍኩ። ሁሉም ሰማኝ።

ስጨርስ አሜን የሚል ጠፋ። ምን ይበሉ? ቆይቶ አንዲት ሴት አሜን አለች። የማላውቃት ናት፤ ወጣት ትመስላለች። ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው። ከኋላዋ ሽንኩርት ይንጣጣል።

ቅዳሜ

ሊዲያ ስልክ ስለማታነሳ ዱሉዝ ሄድኩ። ሃይዌይ እንዳልነዳ ከልክላኛለች። በውስጥ ለውስጥ ሄድኩ፣ መብራት በመብራት። አንዱ ወጣት ከኋላዬ ክላክስ አስጮኸብኝ። እኔም አስጮህኩበት። ሃያ ዓመት ፓርኪንግ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ መኪና አያስፈራኝም።

ዳንኤል ደጁን በውሃ ጎማ ከቢጫው ብናኝ ያጥባል። ሲያየኝ ጎማውን ጣለው፣ ሱሪው ራሰ። ዳንኤል ባሏ ነው፣ በሎተሪ የመጣ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቃል ከአፉ በመንጠቆ ነው የሚወጣው።

"አባባ! ብቻዎን ነዱ?"

"ማን ይንዳልኝ ነበር?"

ሊዲያ ሱቅ ሄዳለች፣ ትመጣለች አለኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ደከመኝ ግን አላልኩም። እሱ ራሱ አየና፣ "እስክትመጣ ጋደም ይበሉ" ብሎ ወደ ላይ ወሰደኝ። ያችን ሊዲያ ስትጨቀጭቀኝ የከረመችባትን ክፍል አሳየኝ። ደጃፏን ረግጬ አላውቅም። አልጋው ለኔ ቁመት የሚሆን ነው። የራስጌ መብራት አለ፣ ደማቅ፣ ለማንበቢያ። ወለሉ ላይ የሚያዳልጥ ምንጣፍ እንኳ የለም፣ አስበውበታል። ጋደም አልኩ።

ኮርኒሱ ላይ ከዋክብት አሉ። ፕላስቲክ ናቸው፣ የተለጠፉ፣ ልጆች በጨለማ የሚያዩዋቸው ዓይነት።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

ዳንኤል በሩ ላይ ሆኖ መለሰልኝ። "ክፍሉ የሕፃን ነበር፣ አባባ። ለመጀመሪያው ጊዜ ነው ያዘጋጀነው። በታኅሣሥ የሕፃኑን አልጋ ለሰው ሰጠን፣ ግድግዳውንም ቀባነው። እነዚያን ላነሳ ስል ሊዲያ ተዋቸው፣ አባዬ ጨለማ አይወድም አለችኝ።"

ጨለማ አልወድም፣ እውነት ነው። ማን ነገራት?

በሩን ዘግቶልኝ ሄደ። ልጅ ይኑርበት ተብሎ የተዘጋጀ፣ አልቅሰው ባዶ ያደረጉት ክፍል ነው የሰጡኝ። እኔ ደግሞ እግዚአብሔር ይበቃኛል፣ የማንንም ክፍል አልፈልግም አልኩ። አብርሃምን እግዚአብሔር ወደ ሰማይ ተመልከትና ከዋክብትን ቁጠር ብሎታል። እኔም መቁጠር ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ዓይኔ እንባ ሞላና ተውኩት።

ሊዲያ መጣች። ወጥ ቤት አገኘኋት፣ ዕቃ ታወጣለች።

"በሃይዌይ ነው የመጣኸው?"

"አይደለም።"

"ስኳርህን ለካህ?"

"ለካሁ።" አልለካሁም ነበር።

"ስምሽን ከጸሎቱ አስወጥቻለሁ" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እኅት ጥሩወርቅ። ትናንት ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አለቀሰች ምናምን።"

ከኔ ቀድማ! ጥሩወርቅ! እኔ ያን ሁሉ መብራት ቆሜ፣ ክላክስ ጮኾብኝ ስመጣ፣ እሷ ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ ቀደመችኝ። አፌን ከፈትኩ። በይቅርታ ፈንታ ውሃ አምጪልኝ አልኩ። ምሳ ላይ አፌን ከፈትኩ። ጨው አቀብሉኝ አልኩ። ስሄድ መኪናዬ አጠገብ ቆመን ሳለ አፌን ከፈትኩና ኮትሽ ቢጫ ነክቶት ነበር፣ ለቀቀ ወይ አልኳት።

"ለቅቋል" አለች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ሳቅ ነው።

እሑድ

ስኳር፦ ለካሁ። በእውነት ለካሁ።

ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየነካ ያልፋል፣ የሞተብኝ ሰው ያለ ይመስል። ጠላሁት።

ወደ ክፍሉ እገባለሁ አልገባም ገና አልወሰንኩም። ማንም እንዳያጣድፈኝ። የማንበቢያ መነጽሬን ግን ራስጌው ላይ ረስቼ መጣሁ፤ ይህን የምጽፈው በአሮጌው ነው፣ መስመሩ ጠምሟል። ሊዲያ ደውላ፣ "ነገ ከሥራ ስወጣ ላምጣልህ?" አለች። አይሆንም አልኩ። ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።

ዕዳዬን ልጻፍ። በሌላ ሰው የሚከፈል የለበትም፣ ሁሉንም ራሴ ነኝ።

መስፍን ላይ ስልክ ዘግቻለሁ። ነገ ምንባቡን አነባለሁ፣ እሱ ይበቃዋል።

ጥሩወርቅ ላይም ዘግቻለሁ። እሷም አለባት፣ ግን የሷን እሷ ታውቃለች። እደውልላታለሁ። ዘይቱን ካነሳች ግን አላውቅም።

ዳንኤል። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዴት ነህ ብዬው ከሆነ ስለ ሥራው ነው። የጠፋው የሱም ልጅ ነበር። ደጁን ሲያጥብ አብሬው ጎማውን እይዛለሁ፣ ያኔ እጠይቀዋለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጦ አይናገርም።

ነቢዩ። ያልኩት አሁንም ትክክል ነው። ነገር ግን በሰው ፊት ነበር ያዋረድኩት። ይህን አስብበታለሁ።

እግዚአብሔር። ያላለውን በስሙ ተናግሬያለሁ። መስፍን፣ "እሱማ በመስቀል ተከፍሏል፣ ጋሼ" ይለኛል። አውቃለሁ፣ ምዕራፉንም ቁጥሩንም አውቃለሁ። ቢሆንም ከእንግዲህ የተጻፈውን አነባለሁ፣ ላልተጻፈው ዝም እላለሁ። ለኔ ዝም ማለት ከባድ ነው።

ሊዲያ። አንዲት ቃል ናት። አባቴ ለኔ ብሏት አያውቅም፣ እኔም ለማንም ልጅ ብያት አላውቅም። በስልክ አይሆንም፣ ክፍት ይሁን ዝግ ማን ያውቃል። በመልእክት አይሆንም። በዳንኤል በኩል አይሆንም፣ ጥሩወርቅም አትወክለኝም። መነጽሬን ልወስድ ስሄድ፣ ውሃ ሳልጠይቅ፣ ጨው ሳልጠይቅ፣ ፊቷ ቆሜ። ራሴ።